ዝሆን የሚጥለው ጠመንጃ

ፖሊሶች የያዙኝ አማን ከተማ ውስጥ፣ ወፍጮ ሥር ተኝቼ ብሎን ስፈታ ነው። «ተነስ!» ሲሉኝ የወፍጮው ባለቤት የላካቸው መስሎኝ ትንሽ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። ጥፋቴ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኜ መቀመጤ ነበር። እሱንም ቢሆን የነገረኝ የለም፤ ራሴ ገምቼ ነው የደረስኩበት።

ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድን መኪናው አንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ደጃፍ ላይ አራገፈን። እስር ቤቱ ስለሞላ ትርፉን እዚያ ያጉሩት ነበር። ገና ስገባ ዓይኔን የያዘው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው በሚስማር ቀዳዳ ስለተበሳሳ ፀሐይ በቀጭን በቀጭኑ ትወርዳለች። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ጀንፈል ቡና፣ እርጥብ ጆንያና ብዙ ሰው። እስረኛው ሁሉ ከግድግዳ ርቆ መሐል ላይ ተፋፍጎ ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ውሃ እንደሚያወርድ ነገሩኝ። በዚያ አገር ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ቀን በፍለጋ ነው የሚገኘው።

ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ከሚዛን ከተማ በላይ ካለ ቀበሌ የመጡ አንድ የቤንች ብሔረሰብ ሽማግሌ ናቸው። ቡናና ቀፎ ያላቸው፣ አማርኛን ገበያ ላይ የተማሩ ሰው ነበሩ። በእሳቸው አማርኛ ውስጥ «አንቱ» የሚባል ነገር ስለሌለ እኔንም፣ ጠባቂውንም፣ የሚመረምረንን ኢንስፔክተርም «አንተ» ነው የሚሉት። ኢንስፔክተሩ ይህን እንደ ንቀት ቆጥሮባቸዋል።

የእሳቸው ክስ ከእኔ የባሰ ነበር። በምርጫው ሰሞን አንድ ምሽት በቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ላይ ሁለት ጥይት ተተኮሰ። ሰው አልተመታም። በማግስቱ ፍተሻ ሲደረግ ሽማግሌው ቤት፣ ጣሪያው ሥር፣ ጫፉ ወጣ ብሎ በቆዳ የተጠቀለለ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ተገኘ። ሁለት ጥይት፣ ሁለት አፈሙዝ፤ ምርመራው በዚሁ አለቀ። ሌላ ጥይት ቢፈለግ ጠፋ፤ ደብቀውት ነው ተባለ። የሚጠብቃቸው ረጅም እስራት ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ ረጅም እስራት ማለት ደግሞ ቤታቸውን ዳግም አለማየት ነው።

ነገሩን ያባባሰው የገዛ አፋቸው ነው። ኢንስፔክተሩ «ይህ ጠመንጃ ይተኩሳል?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ዝሆን ይጥላል» ብለው መለሱለት። ለእኛም የሚሉን ይህንኑ ነበር። አባታቸው በማጂ በኩል ለአንድ እንግሊዛዊ ዝሆን አዳኝ ጠመንጃ ይሸከሙ ነበር፤ ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው ሄደ። እሳቸውም በየበዓሉ እያወጡ እንደሚቀቡት፣ ዛሬም ቢሆን እንደሚሠራ እየደጋገሙ ያወሩናል። አይሠራም ቢሉ እንደሚበጃቸው ብንመክራቸው ተቀየሙን። የአባታቸው ጠመንጃ ከሚታማ መታሰሩን የመረጡ ይመስሉ ነበር።

አንድ ጠዋት የጥበቃው ሳጅን መጥቶ «መካኒኩ» ብሎ ጠራኝና ኢንስፔክተሩ ዘንድ ወሰደኝ። ድሮ ቡና ይመዘንበት በነበረው ክፍል ውስጥ ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ከወፍጮ ጥገና በፊት ኦሞ በኩል ፈረንጆችን ለሚያሳድን ድርጅት ስሠራ ጠመንጃቸውን እይዝና አጸዳ እንደነበር አንድ ሰው ነግሮታል። እነዚያ ፈረንጆች አሮጌ ጠመንጃ በውድ የሚገዙ ሰብሳቢዎችን ያውቃሉ መባሉን ሰምቷል። ሽማግሌው ከተፈረደባቸው በኋላ ጠመንጃውን የሚሸጥበት መንገድ እንደማያጣ በፈገግታ ነገረኝ። የእኔ ሥራ አጽድቶና አብለጭልጮ ምን ያህል እንደሚያወጣ መናገር ነው። ካሳመርኩት የራሴን ጉዳይ ያይልኛል። ነጭ ጋዝ፣ መጥረጊያ ዘንግና ብርጭቆ ወረቀት አዘጋጅቶልኛል።

ብርጭቆ ወረቀቱን ቀድሜ አነሳሁት። ሰብሳቢዎች የሚያብለጨልጭ ነገር እንደማይፈልጉ፣ አንዴ ከተፋቀ ዋጋው ገደል እንደሚገባ አስረዳሁት።

«ዝገቱን ነው እንዴ የሚገዙት?» አለኝ።

«ያልተነካ መሆኑን ነው የሚገዙት።»

እውነቱን ለመናገር እስረኛ መሆኔን ረሳሁ። ጠመንጃው ከባድ ነው፤ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ግን ክብደቱ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱ ምላጭ አለው። ብረቱ ላይ ለንደን የሚል ጽሑፍና ጥፍር የሚያህሉ ቅጠሎች ተቀርጸውበታል። ሁለቱ አፈሙዞች አንድ ቦታ እንዲመቱ አንድ ባለሙያ እየተኮሰ፣ እየፈታ፣ እንደገና እየበየደ ነው የሚያስተካክላቸው። ያ ሰው ማን ይሆን? የሠራው ነገር ሚዛን ከተማ ይደርሳል ብሎ አስቦ ያውቅ ይሆን? የአፈሙዙና የአካሉ መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን አየሁ። እንጨቱም ያልተለወጠ ነው። የቀረው ውስጡ ነበር፤ ለሰብሳቢ ዋናው እሱ ነው።

ማጠፊያውን ገፍቼ ከወገቡ ከፈትኩትና ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁ። ጨለማ ነው። ሌላኛውም እንደዚያው። ጠጋ ብዬ ሳየው የደረቀ ጭቃ ነው፤ ተርብ ቤት ሠርታበታለች። ከጭቃው ላይ ልጆቿ አድገው የወጡባቸው ክብ ክብ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ እነሱንም አሮጌ የሸረሪት ድር ሸፍኗቸዋል።

ዘንጉ እጄ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብገፋው ጭቃው ይረግፋል፣ ውስጡንም አያለሁ። እጄን በላኝ። ከዚያ ሽማግሌው ትዝ አሉኝና ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ኢንስፔክተር፣ እስኪ ይህን ይመልከቱ» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየ። «ጭቃ ነው» አለ።

«ከተያዘ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ይህ ቤት ተሠርቶ፣ ልጆቿ አድገው ወጥተው፣ ድር እስኪያደራበት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። በዚህ ጠመንጃ የተኮሰ የለም።»

«የጠራሁህ እንድታጸዳው ነው።»

«ዳኛ ካየው በኋላ አጸዳዋለሁ። አሁን አላጸዳም።»

«የራስህን ጉዳይ አስበህበታል?»

አስቤበታለሁ አልኩት። ፈርቼ ነበር፤ ድምፄ እንዳያሳጣኝ ብዬ ነው ያሳጠርኩት። ሳጅኑ እንዲመልሰኝ በእጁ ምልክት አሳየው።

ለሽማግሌው በጆሯቸው ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ አንገታቸውን ደፉ።

«በየበዓሉ እቀባው ነበር» አሉኝ። «ውጪውን።»

ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ። እኔ ዝም ብልም ዳኛ ፊት እሳቸው ራሳቸው ካልተናገሩ እንደሚፈረድባቸው ነገርኳቸው። ያን ቀን የመጣላቸውን ምግብ ለእኛ ሰጡ።

ፍርድ ቤት የወሰዱን በአንድ መኪና ነው፤ የእኔም ቀጠሮ ያን ቀን ነበር። ጠመንጃው በጆንያ ተጠቅልሎ ቀረበ። ጭቃው ይኑር አይኑር አላውቅም። ዳኛዋ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ ጠመንጃው ይተኩሳል? ዝሆን ይጥላል ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። «አይተኩስም» አሉ። «ውስጡን ተርብ ይዞታል። አንቺው እዪው። የተውኩት እኔ ነኝ፤ ጠመንጃው ጥፋት የለውም።»

ዳኛዋ ሳጅኑን አስከፍታ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብርሃን አላለፈም። ኢንስፔክተሩ አላስነካውም ማለት ነው። አንድ ሰው በእንጨት ቢጠርገው ኖሮ ማስረጃው ይጠፋ ነበር። ለምን እንደተወው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ አንድ ቀን አግኝቼ ብጠይቀው ደስ ይለኛል።

ሽማግሌው ያን ቀን ቤታቸው ገቡ። የእኔን ጉዳይ ያየልኝ ስላልነበረ ወራት ቆየሁ፤ ስፈታም ለምን እንደተፈታሁ የነገረኝ የለም። መጋዘኑ ውስጥ ሳለሁ ሽማግሌው ከቀፏቸው ማር ይልኩልኝ ነበር።

ዛሬም ወፍጮ እጠግናለሁ። ጠመንጃው መንግሥት እጅ ቀረ፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ምናልባት ለአንድ ሰብሳቢ ተሽጦ፣ ሰውየው ሩቅ አገር ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ አፈሙዙን ሲጠርግ ያ ሁሉ ጭቃ ጨርቁ ላይ ረግፎበት ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለተርብ ትቶ የከረመውን ባለቤት ሰድቦትም ይሆናል። አጠገቡ ብሆን ጭቃውን እንዳይጥለው እለምነው ነበር።