እህቴ ሠርግ ላይ ልጨፍር

ጉራግኛ ሲመታ ቁጭ ብዬ የማጨበጭብ ሰው አልነበርኩም። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ግን ስስቅም ሳስነጥስም ሽንቴ ያመልጠኝ ጀመር፤ መዝለልማ አይታሰብም። ሠርግ ቤት «ምነው፣ ኮራሽ?» ሲሉኝ «ወገቤን» እላለሁ። ታናሽ እህቴ የሠርጓን ቀን ስትቆርጥ «አንቺ ካልጨፈርሽ ሠርግ አልለውም» አለችኝ።

አራስ ሳለሁ እናቴ ሆዴ እንዲሰበሰብ ብላ ወገቤን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራኝ ነበር። ሽንቱ ሲያስቸግረኝ፣ ይይዝልኛል ብዬ ይበልጥ አጠበቅኩት። አየር ጤና ያለው ሱቄ ውስጥ በቀሚሴ ስር እሱን ታጥቄ፣ ውኃ ሳልጠጣ እውላለሁ። ኋላ ልጄን ላስከትብ ስሄድ ለነርሷ ብነግራት ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከችኝ። እኔ እግሩ የተሰበረ ብቻ የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅ እግር ናት። መቀነቱን ስታይ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ወደ ታች ነው የሚገፋው። የደከሙት ሽንት የሚይዙት ጡንቻዎችሽ ናቸው» ብላ ፈታችልኝ። ከዚያ አስተኛችኝና «ሽንት እንደምትይዢ ሳብ አድርጊ፤ አሁን ልቀቂ» አለችኝ። እኔ ሆዬ ጥርሴን ነክሼ ቂጤን ጨመቅኩ። «ፊትሽ ምን አደረገ? እሱን ተዪው!» ስትለኝ በሳቅ ፈነዳሁ፣ አመለጠኝም። ፎጣ አቀበለችኝና «በርቺ፣ እንደገና» አለች፤ በቃ። ለዚያ ብቻ ብወዳት አይበዛባትም።

እናቴ ግን መቀነቱን መፍታቴን ስትሰማ «የወለደች ሁሉ ያለባት ነው፤ ቻል አድርጊው!» ብላ ተቆጣች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ምን መቻል እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ አይኔን በጨው አጥቤ ጭፈራውን ነገርኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እሷ በሩን ዘግታ ጋዋኗን ሰበሰበችና «እስቲ አሳዪኝ፣ እግሩ እንዴት ነው?» አለች። መጀመሪያ ተኝቼ፣ ቀጥሎ ቆሜ፣ ኋላ እየዘለልኩ ወራት ሙሉ አሠራችኝ። ከመዝለሌ በፊት ትንፋሼን እያወጣሁ ሳብ ማድረጉን ራሷ አብራኝ እየዘለለች ነው ያስለመደችኝ፤ ላብ በላብ ሆና! እንደሷ ያለ ሥራ አዋቂ አላየሁም።

የሠርጉ ዕለት ቀራንዮ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከበሮው ሲመታ ገባሁበት። ዘለልኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም! እህቴ ቬሎዋን ሰብስባ አብራኝ ስትዘል አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እናቴ ከተቀመጠችበት በእጇ ጠራችኝ። ልትመርቀኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣ «ሙሽሪትን ከወለድኩ ጀምሮ እኔም እንዳንቺው ነኝ። እዚያች ልጅ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።