ሁለተኛው ቁልፍ

ዛሬ ጠዋት ወደ ፋብሪካ ልሄድ ልጄ ላይ በሩን ስቆልፍ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣብኝ። የድሬ ሰማይ ጥርት ብሏል፤ ዝናቡ ከላይ ከደጋው ነው። እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።

እናቴም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ስትሄድ፣ ደቻቱ ወንዝ ወርጄ አሸዋው ላይ እንዳልጫወት ከውጭ ትቆልፍብኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ፀሐይ እያለ፣ ደጋው ዘንቦ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ጭቃ ውሃ በበሩ ስር ገብቶ ጉልበቴ ደረሰ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰብራ አወጣችኝ።

እናቴ ከማዶ ቆማ ውሃው እስኪጎድል ጠብቃ እየሮጠች መጣች።

"አቦ አንቺ! ከወንዙ ደበቅኳት ብለሽ ቆልፈሽ አቆየሽለት እኮ!" አለቻት አዴ ፋጡማ።

እናቴ ሰኞ አዲስ ጓጉንቸር ገዝታ ቆለፈችብኝ፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ግን ለአዴ ፋጡማ ሰጠቻት።

አዴ ፋጡማ ከሞተች ቆየች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ስለምውል የዛሬዎቹን የወንዝ ዳር ጎረቤቶቼን በስም እንኳ አላውቃቸውም።

"እማዬ፣ ዛሬም ቆለፍሽ?" አለች ልጄ ከውስጥ።

የሠራተኛ ሰርቪሱ ክላክስ አደረገ። ሁለቱም ቁልፎች እጄ ላይ ናቸው።