የእበት ቅርጫት

ወልቂጤ መናኸሪያ ቆሜ፣ ቆጮ የጫነ ሚኒባስ ሲያልፍ ያ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። የልጅነቴ ሸክም ትዝ ብሎኝ ወገቤም አብሮ አመመኝ።

ልጅ ሳለሁ በትውልድ አገሬ በቸሃ፣ ጓሯችን ያለው እንሰት በሽታ ገባበት። የመሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ከእናቴ ጋር ቀኑን ሙሉ የታመመውን እየነቀልን ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው። ስንት ዓመት የጠበቅነው ምግባችን ነበር። ጎረቤቶቻችን በሽታውን በእግራቸው ይዘው እንዳይሄዱ ፈርተው፣ ከአጥር ውጭ ሆነው «አይዟችሁ» አሉን።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ እንደ ወትሮዋ የላሟን እበት በቅርጫት ዝቃ ወደ ተረፈው እንሰት አሸከመችኝ።

«እማ፣ ይሄም ሊሞት ነው እኮ! ለምን እንለፋለን?» አልኳት ተናድጄ።

እሷም ደክሟት አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«እስኪሞት ምን ይብላ?» አለችኝ።

ዛሬ ከመናኸሪያው ለእናቴ ደወልኩላት። አሁን ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷም ከድቷታል።

«ላሟን ሽጫትና እኔ ጋ ነይ» አልኳት።

«እንሰቱስ ምን ይብላ?»

«አንቺስ?»

ከኋላዋ ላሟ እምቧ አለች።

«ቆዪ፣ መጣሁ» አለች እናቴ። ለላሟ ነበር።