የጋሽ ሀብቴ አሸዋ ፍለጋ

ጋሽ ሀብተሥላሴ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። የአክስቴ የእጅጋየሁ ባል ናቸው፤ ከኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ሶፋ ላይ ይጋደማል፤ እሳቸው ዋና ተማሩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት አላሜዳ ባሕር ዳር ወርደው ካልዋኙ ሳምንቱ ሳምንት አይመስላቸውም።

አክስቴም አብረው ይሄዳሉ፤ ውሃው ውስጥ ግን አይገቡም። ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው፣ የባላቸውን ጫማ ታቅፈው አሸዋው ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ከምኖርበት ከሚልፒታስ መጥቼ አጠገባቸው ስቀመጥ ወሬዬን ሁሉ እዘረግፍላቸዋለሁ። «እ» ይሉኛል እንጂ ዘወር ብለው አያዩኝም። ባሕሩን ማየት የሚወዱ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሀብቴ ከውሃው ወጥተው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ እንደ ልማዳቸው «እጅጌ፣ አንድ ቀን እንኳ ግቢ እንጂ!» አሏቸው።

«በዚህ ብርድ? ሞቅ ያለ ባሕር ቢሆን እገባ ነበር» አሉ አክስቴ።

ለመገላገል ብለው ነው የተናገሩት፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ። ጋሽ ሀብቴ ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዙት። በማግስቱ ገና ከቅዳሴ ሲወጡ ደወሉልኝ።

«ፀዲ፣ ሜዲትራኒያን ሞቃት ነው አሉ። እስቲ ቼክ አድርጊልኝ።»

ሞቃት መሆኑ ሲረጋገጥ አክስቴ ተረከዛቸውን አመጡ። ኤመሪቪል የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ ዓመታት የቆሙበት ተረከዝ ነው፤ ጠጠር ከረገጡ እንባቸው ይመጣል። «አሸዋ ካልሆነ አልረግጥም» አሉ። አሸዋ ሲባል ደግሞ ጥልቅ እንዳይሆን፤ ጥልቅ ካልሆነ ሰው እንዳይበዛበት። ባል አንዱን ሲያሟሉ ሚስት ሌላ ይጨምራሉ። እኔ በሁለቱ መሃል ላፕቶፔን ታቅፌ ፍዳዬን አየሁ።

ኢንተርኔት ላይ ያለ ባሕር ዳር ሁሉ ያምራል። ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ጃንጥላው ነጭ ነው፤ መሬቱን የሚያሳይ ፎቶ ግን የለም። አንዱን የግሪክ ባሕር ዳር ወደድነውና የሄዱ ሰዎች የጻፉትን ሪቪው ሳነብ «የውሃ ጫማ ሳትይዙ እንዳትመጡ» ይላል፤ ጠጠር ነው ማለት ነው። ሌላው ደግሞ አሸዋው ዳር ላይ ብቻ ነው፤ ውሃው ውስጥ ሲገባ ድንጋይ ነው።

«ይሄ ኢንተርኔት ቀጣፊ ነው» አሉ ጋሽ ሀብቴ ተናደው። «ሰው ሄዶ ይይልን።»

«ግሪክ ማን አለን ጋሼ?»

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ፈልጊ።»

እውነትም አልጠፋም። አብሯቸው የሚያስቀድሰው ደግነት አቴንስ የምትኖር የሚስት እህት ነበረችው፤ ሳሌም ትባላለች። አገር ቤት ያለ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው ዘመድ ልኮ ግድግዳውን እንደሚያስነካው ሁሉ፣ ጋሽ ሀብቴም አይተዋት የማያውቋትን ልጅ በእረፍት ቀኗ አውቶቡስ አሳፍረው ወደ ባሕር ላኳት። እኛ ቁርስ ላይ ሆነን እሷ በቪዲዮ ደወለች፤ እዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ጫማሽን አውልቂ» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

አወለቀች።

«አሁን ግቢ። እታች እንዴት ነው?»

«አሸዋ ነው ጋሼ፣ ልስልስ ያለ።»

«ሂጂ፣ ሂጂ! የት ደረሰ?»

«አሁንም ጉልበቴ ጋ ነው።»

«ትንሽ ጨምሪ!»

«ኧረ ቀሚሴ ራሰ!»

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። አክስቴ ግን አልሳቁም። ስልኩን ከባላቸው እጅ ቀምተው «የኔ ልጅ፣ ዳር ላይ የሚያይሽ ሰው አለ? ከሌለ በይ ውጪ፣ ብቻሽን አትግቢ» አሏት።

የጉዞውን ቀን ጋሽ ሀብቴ ራሳቸው መረጡ። ፍልሰታ ይለፍ አሉ፣ እሺ አልኩ። ትኬቱን ቡክ ካደረግኩ በኋላ ነው ተንኮላቸው የገባኝ። ባሕር የምንወርድበት ቀን ጳጉሜ ሦስት ነው፣ ሩፋኤል። በሩፋኤል ውሃ ሁሉ የተባረከ ነው፤ ዝናቡ ጠበል ነው ተብለን በልጅነታችን ራቁታችንን የሮጥንበት ቀን ነው። አክስቴ ብርዱንም ጠጠሩንም ሰበብ ያደርጋሉ፤ ሩፋኤልን ግን እምቢ አይሉም።

ቀኑ ደረሰና ሳሌምን ይዘን ወረድን። አሸዋው እንዳለችው ነው፤ ውሃው ለብ ያለ፣ ሰውም ጥቂት። አክስቴ ተረከዛቸውን አሸዋው ላይ ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት፤ አላመማቸውም። ጋሽ ሀብቴ ሸሚዛቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ እጅጌ። ሞቃት ነው፣ አሸዋ ነው፣ ሩፋኤል ነው። ምን ቀረ?»

አክስቴ የባላቸውን ጫማ አነሱና ቁጭ አሉ።

«ይሄን ሁሉ የለፋሁት አብረን እንድንገባ እኮ ነው! ምኑን ነው የምትፈሪው?»

«አብረን ከገባን አንተን ማን ያይሃል?»

«ማለት?»

«አላሜዳ ስትዋኝ እኔ ጭንቅላትህን ነው የማየው። ማዕበሉ ሲሸፍንህ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ብቅ ስትል እተነፍሳለሁ። ዓይኔን ካነሳሁ የምትሰምጥ ይመስለኛል።»

«ፀዲ ታየናለቻ!»

«ፀዲ ስልኳን ነው የምታየው።»

ደፈሩኝ አልልም፤ እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ለምን ዘወር እንደማይሉልኝ ያኔ ገባኝና አለቀስኩ፣ አላፍርም። ጋሽ ሀብቴ ሸሚዛቸውን መልሰው ለበሱ። ከአክስቴ ጎን ተቀመጡና ጫማውን ከእጃቸው ተቀበሉ፤ የአክስቴንም ጫማ አንስተው አብረው ታቀፉት።

«ግቢ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አይሻለሁ።»

አክስቴ አማትበው ከሳሌም ጋር ገቡ። ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ቆሙ፣ ወገባቸው ጋ ሲደርስ ሳቁ። ሦስቴ ብቅ ጥልቅ አሉ። ቀሚሳቸው ተነፍቶ ዙሪያቸውን ሲንሳፈፍ በእጃቸው እየመቱት እንደ ልጅ ተጫወቱ። እንዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ሻይ ልቅዳልዎት?» አልኳቸው።

«እ» አሉኝ። ዘወር ብለው አላዩኝም።

ወዲያው አክስቴ እንደገና ጠለቁ። ጋሽ ሀብቴ የአክስቴን ጫማ እንደያዙ ብድግ አሉ። አክስቴ ፊታቸውን እየጠረጉ ብቅ ሲሉ ጋሽ ሀብቴ በረጅሙ ተነፈሱ።

«እጅጌ! በቃሽ፣ ነይ ውጪ!»

«ገና ነው!» አሉ አክስቴ ከውሃው ውስጥ።

ጋሽ ሀብቴ ተመልሰው ተቀመጡ። ጫማውን ግን ከእጃቸው አላስቀመጡትም።