ከአስር አራት

ወገቤን የያዘኝ እርጥብ አንሶላ ከማሽን ሳወጣ ነው፤ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ጎንበስ አልኩ፤ ቀና ማለት ግን እምቢ አለኝ። እንደ ፈረንጆቹ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፣ አትላንታ ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም። አለቃዬ ፎጣ ወደሚታጠፍበት ጠረጴዛ አዛወረችኝ፤ ስለ ሥራው አላሰብኩም። ያሳሰበኝ የማታ ትምህርቴ ነበር። ብዙዎች ልጆቻቸውን በሚያስተምሩበት ዕድሜ ነው የጀመርኩት፤ አሁን ደግሞ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ከክፍሉ በስተኋላ ቆሜ፣ ግድግዳ ተደግፌ እማራለሁ። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪው የምወጣ መስሎት በሩን ከፈተልኝ። የመጨረሻው ፈተና ግን ረጅም ነው፤ ቁጭ ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ከሆስፒታሉ፣ እዚያው አትላንታ አጠገብ ዲኬተር ወደሚገኝ የፊዚካል ቴራፒ ክሊኒክ ላኩኝ፤ በእንቅስቃሴ የሚያክሙበት ነው። አብረን የምንኖረው እትዬም ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ቢሮ ያጸዱ ነበርና ጥፋቱን በምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ላይ ነው የሚያላክኩት። ቀጠሯችንን አንድ ላይ አደረግነው። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ።

ቴራፒስቱ ረጅም፣ ወጣት አሜሪካዊ ነው። ወለል ላይ ተኝቶ እንቅስቃሴዎቹን አንድ በአንድ አሳየን። ሲነሳ ጠየቀን።

"ይህን በየቀኑ ቤታችሁ ለመሥራት ምን ያህል ቆርጣችኋል? ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ስጡኝ።"

ተረጎምኩላቸው።

"አስር በይው" አሉ እትዬ፣ ሳያስቡ።

"ይሠሩታል?"

"አስር በይው አልኩሽ! የሰው ልጅ እንዲህ መሬት ተንከባሎ አሳይቶን ከአስር በታች ይባላል? ነውር አይደለም?"

አስር አልኩት። አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚለው።

በራሴ ተራ ግን ጊዜ ወሰድኩ። ነገን ማን ያውቃል? አምስቱን ለእግዚአብሔር ተውኩ። ከቀረው ደግሞ አንዱን ለጉንፋን ቀነስኩ። "አራት" አልኩት። ደህና ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ቤት፣ ጠዋትና ማታ ብርድ ልብስ አንጥፌ እሠራለሁ። እትዬ ሶፋው ላይ ሆነው ያርሙኛል።

"ጉልበትሽን ደህና አላጠፍሽም።"

"እርስዎስ አይሠሩም?"

"እኔማ አስር ብያለሁ፤ ምን ቀረኝ?"

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቴራፒስቱ ለብቻዬ አነጋገረኝ። ተራ የሚጠብቅ ሰው በዝቷል፤ ቦታውን ለቆረጠ ሰው መስጠት አለበት። እትዬ ይቀጥላሉ። የእኔ ዛሬ ያበቃል። "አራት ነው ያልሽው" አለኝ በትህትና።

ያን ጊዜ ትንሽ ትንሽ መቀመጥ ጀምሬ ነበር፤ ለፈተና የሚበቃ ግን አልነበረም። ክርክር አልወድም። ቦርሳዬን አነሳሁ።

"ምን አለሽ?" አሉ እትዬ ከወዲያ። ነገርኳቸው።

"በይ ንገሪው። ይቺ ሴት አንድ ቀን እንኳ አፏን ሞልታ 'አዎ' ብላ አታውቅም። ነገ ሥራ ትገቢያለሽ ወይ ስላት 'ካደርኩ' ነው የምትለኝ። እሷ የምትሰጠውን ቁጥር በሁለት ያባዛው።"

"እትዬ፣ ይሄን እንዴት አድርጌ..."

"አስተርጓሚ አይደለሽ? እንዳለ ተርጉሚ!"

እንዳለ ተረጎምኩ። ስለ ራሴ "እሷ" እያልኩ።

ቴራፒስቱ ብዕሩን አስቀመጠ። "እሺ፣ ቁጥሩ ይቅር። ሁለታችሁም ሠርታችሁ አሳዩኝ።"

ወለሉ ላይ የተዘረጋው ፍራሽ ላይ ተኛሁና ሁሉንም በቅደም ተከተል፣ ሳላቋርጥ ሠራሁ። የእትዬ ተራ ደረሰ። በሆዳቸው ተኙ። ጠበቅን።

"እትዬ፣ ደረትዎን ቀና ያድርጉ።"

"በምኔ?" አሉ፣ አፋቸው ፍራሹ ላይ እንደተደፋ። ትንሽ ቆይተው፣ "ንገሪው፤ አሁንም አስር ነኝ።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ከዚያ ለሁለት ደግፈን አነሳናቸው።

ለእኔ ቀጠሮ ጻፈልኝ። ለእሳቸውም ጻፈ፤ ማን ይበልጥ እንደሚያስፈልገው በዓይኑ አይቷል። ልንወጣ ስንል ወደ እኔ ዞሮ፣ "ትመጫለሽ አይደል?" አለኝ።

"እግዚአብሔር ካለ።"

ጥቂት አሰበና "ስምንት" ብሎ መዘገበ።

ቀኑ ሲደርስ የመጨረሻውን ፈተና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪው ወረቀቱን ሲቀበለኝ ወደ ኋላው ግድግዳ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ እኔ። "ዛሬ ምነው አልቆምሽም፣ አመመሽ እንዴ?" አለኝ።