የአባቴ የደረቀ አናናስ

ማድረቂያውን የገዛሁት ኡራኤል አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን ከሚሠራ አንድ ባልደረባዬ ላይ ነው። ሚስቱ አንዴ ሙዝ ካደረቀችበት በኋላ የታጠፈ አንሶላ ትደረድርበት ጀመር። «በቃ ውሰጂልኝ፣ ቦታ ነው የያዘብን» አለኝ። ከማይክሮዌቭ ትንሽ ከፍ ያለ ጥቁር ሣጥን ነው። ውስጡ ወንፊት የመሰሉ ትሪዎች ተደርድረዋል፤ ከኋላው ሙቅ አየር የሚነፋ ማራገቢያ አለው። ከዚያ ውጭ ምንም ተአምር የለውም። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ወደ ቂርቆስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ የእንቁላል መፈልፈያ ነው ብለው ድርቅ አሉ። አይደለም ብላቸውም አልሰሙኝም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እንዳልረሳቸው አደራ ብለውኝ ወረዱ።

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ትቃወመዋለች፣ ቀጥላ ትመረምረዋለች፣ በመጨረሻ ትወርሰዋለች። ለቋንጣ ገመድ፣ ለበርበሬ ፀሐይ እያለን ይሄ ሣጥን ምን ሊሠራልን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ለጥቂት ቀናት በአጠገቡ ስታልፍ እንኳ ፊቷን ታዞርበት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ወጥ ቤቱ ካሮት ካሮት እየሸተተ፣ ማሽኑ እያጉረመረመ፣ እናቴ መነፅሯን አድርጋ ትሪዎቹ ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። ብዙም ሳይቆይ ሙዝ እንዳይጠቁር ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ውስጥ እንደሚነከር፣ ካሮት ከመድረቁ በፊት የፈላ ውኃ ለአፍታ መቅመስ እንዳለበት፣ ቲማቲም በቆዳው በኩል እንደሚደረደር የምታስተምረኝ እሷ ሆነች። ያ «ማድረቂያሽ» ትለው የነበረው ዕቃ «ማድረቂያዬ» ሆነ።

ፍራፍሬውን የምታመጣው ከሠፈራችን ፍራፍሬ ቤት ነበር። ሱቁን የያዙት ወላጆቻቸው ከወሎ የመጡ እህትና ወንድም ናቸው። እህትየው ለሽያጭ ያለፈበትን፣ ለጭማቂ መዋሉ ግን የሚያሳዝነውን አናናስና ማንጎ ለእናቴ ታስቀምጥላት ነበር። እናቴም ሲደርቅ ከዚያው ትመልስላታለች። በዚህ ሁኔታ የወጥ ቤታችን መደርደሪያ በብልቃጥ ተሞላ፤ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ አናናስ። አባቴም መደርደሪያውን አዘውትሮ መጎብኘት ጀመረ።

አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ሠፈሩ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የሚለው። ሐኪም ስኳር አለብህ ካለው ጀምሮ ጣፋጭ ነገር ሁሉ በእናቴ ቁጥጥር ሥር ነው። ፍራፍሬም ቢሆን ተመዝኖና ተቆርሶ እንጂ እንዳሻው አይቀርብለትም። እሱም እኛ ፊት በጣም ታዛዥ ነው፤ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ ሰው ቤት ኬክ ሲቀርብለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃል። የደረቀ ፍራፍሬ ግን አንድ ጠባይ አለው። አንድ ሙሉ አናናስ ሲደርቅ እፍኝ አይሞላም። አባቴ ይህን ከሁላችንም ቀድሞ ተረዳ።

እናቴ የብልቃጡ ከፍታ መውረዱን አይታ ስትጠይቀው፣ የበላሁት እኮ እፍኝ አይሞላም አላት። ያ እፍኝ አንድ ሙሉ አናናስ ነው አለችው። እሱም በረጋ ድምፅ፣ ሙሉ አናናስ ስበላ አይተኸኝ ታውቃለህ ወይ ብሎ ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀ፤ እኔን በወንድ ፆታ የሚጠራኝ ሲከራከር ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ድብብቆሽ ሆነ። እናቴ ብልቃጡን ከሽሮው ጀርባ ብታስቀምጠው ያገኘዋል፤ ከፍሪጅ ላይ ብትሰቅለው ወንበር ይወጣል። ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ ከመሐረቡ ጋር የተጣበቀ ማንጎ ወጣ። የመነፅሩ ማኅደር ውስጥ ሙዝ ተገኘ። አንድ ቀን ትልቁን የካርታ መጽሐፉን አቧራ ልታራግፍ ስትከፍተው ብራዚል ላይ የአናናስ ቁራጭ ተለጥፎ አየች። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠራችው። መጥቶ ገጹን በጥሞና ተመለከተና ያቆምኩበትን ገጽ እንዳልረሳው ያደረግኩት ምልክት ነው አላት። እናቴ ቁራጩን ከብራዚል ላይ ልጣ አነሳችና መጽሐፉን ዘጋችው። እናቴ መልስ ሳትሰጥ ከቀረች ነገር እያሰበች ነው።

በማግስቱ ወፋፍራም ዝንጅብል ገዝታ መጣች። ላጠችው፣ የአናናስ ቁራጭ በሚመስል ቅርፅ በስሱ በስሱ ቆረጠችው። ከዚያ ሚጥሚጣ በውኃ በጥብጣ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ፣ ዝንጅብሉን ሙሉ ጠዋት ዘፈዘፈችው። ማሽኑ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ። አባቴ ከውጭ ሲገባ በር ላይ ቆሞ እያስነጠሰ ምን እየደረቀ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ ለጉንፋን የሚሆን ዝንጅብል ነው አለችው፤ አልዋሸችም። ሲደርቅ ቃጫው የወጣ፣ ቢጫነቱ ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ነገር ሆነ፤ ከአናናሱ አጠገብ ሳስቀምጠው እኔ ራሴ ተምታታብኝ። እውነተኛውን አናናስ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ብልቃጡን እኔ ያዝኩላት፣ እሷ ሞላችው። እንዳይጠረጥር ብላ ላይ ላዩን ትክክለኛ አናናስ ጣል ጣል አደረገችበት።

የእናቴ ሐሳብ ቀላል ነበር። አባቴ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይጎርሳል፣ ምላሱን አውጥቶ ውኃ ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ይሮጣል፣ እሷም በር ላይ ቆማ ትቀበለዋለች። ሽምግልና መሐል ይገባል ብላ አላሰበችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍራፍሬ ቤቱን የያዙት እህትና ወንድም ተኳርፈው ነበር። ወንድምየው ፍራፍሬ ይበሰብሳል፣ የስልክ ከቨር ግን አይበሰብስም ብሎ ሱቁን ሊለውጥ ፈለገ፤ እህትየው የአባታችንን ሱቅ አላስነካም አለች። አንድ ጠዋት ስትመጣ ፓፓያዋ በአንድ ጥግ ተገፍቶ፣ ግድግዳው በስልክ ከቨር ተሞልቶ አገኘችው። እሷም ዝም ብላ ሱቁን መሐል ለመሐል በመጋረጃ ከፈለችው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ሙዝ የሚገዛ ሰው በተሳሳተው በኩል ከገባ ተመልሶ ወጥቶ በሌላው በኩል መግባት ነበረበት። በመጨረሻ የሟች አባታቸው ጓደኛ የነበሩ አንድ ሐጂ ነገሩን ያዙትና፣ ገለልተኛ ቤት ይሁን ብለው እኛ ቤት ቀጠሯቸው። አባቴንም አብሮ እንዲያሸማግል ለመኑት።

አባቴ ሽምግልና ይወዳል፤ አብረውት የሚቀመጡ ሰዎች ግን ይደክማቸዋል። ምክሩን የሚጀምረው ከጣና ነው። ዓባይ ከሐይቁ ይወጣል፣ ገባሮቹ አንድ በአንድ ይቀላቀሉታል፣ ድንበር እስኪሻገር ድረስ የተጣሉት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው እንደ ገባር ወንዝ ተደጋገፉ የሚላቸው። ካዛንቺስ ያስታረቃቸው ባልና ሚስት የታረቁት ሱዳን ከመድረሱ በፊት ለመገላገል ነው እያለች እናቴ ታማዋለች።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ሳሎናችን ተቀመጡ። እህትና ወንድም በሁለት ጫፍ፣ ሐጂና አባቴ ጎን ለጎን፣ እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከአባቴ ፊት ለፊት። የውኃው ጆግ እሷ አጠገብ ነው። እኔ ሻይ አቅርቤ በር ላይ ቆምኩ። እህትየው ተናገረች፤ ቀጥሎ ወንድምየው ያዘ። የእሱ ነገር ረጅም ነበር፤ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ገበያው፣ አቮካዶ በሁለት ቀን እንዴት እንደሚከዳ። መሐል ላይ አባቴ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሲሰድ አየሁት። ማሳል እንደፈለገ ሰው መዳፉን ወደ አፉ አስጠጋ። ሳል የሚባል ነገር ግን አልተሰማም።

እናቴን አየኋት። እሷም አይታዋለች። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከመቀመጫዋ ትንሽ ከፍ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ምን ልትል ትችላለች? በሽማግሌ ፊት ባልን «ትፋው» አይባልም።

የደረቀ ነገር መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ምራቅ ሲነካው ነው የሚናገረው። አባቴ ጥቂት ጊዜ በሰላም አኘከ። ልክ ያኔ ወንድምየው ጨረሰና ሐጂ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ቲቸር፣ እንግዲህ እርስዎ ይበሉ» አሉት።

አባቴ ቀና አለ። «ልጆቼ» አለና ቆመ።

ፊቱ ቀላ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ከአንዱ ዓይኑ፣ ከዚያ ከሁለቱም እንባው ወረደ። ወደ ጆጉ ተመለከተ፤ ጆጉ እናቴ ዘንድ ነው። ወደ እናቴ ተመለከተ፤ እናቴ ጣሪያ እያየች ነው። ያን ጊዜ ነገሩ የገባው ይመስለኛል። ትከሻውን አስተካክሎ እንደ ወታደር ዋጠው፤ መዋጡም ባሰበት። «አባታችሁ…» ብሎ ሞከረ፣ ድምፁ ተቆረጠ፣ መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ።

በሠፈራችን ቲቸር ሲያለቅስ ያየ ሰው የለም፤ የገዛ ወንድሙ ቀብር ላይ እንኳ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ሐጂ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። እህትየው ከተቀመጠችበት ተነስታ ጉልበቱ ሥር ቁጭ አለችና፣ «ቲቸር፣ ስለ አላህ ብለው ይተዉ፣ በእኛ ምክንያት አያልቅሱ» አለችው። አባቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ መናገር አይችልማ። መነቅነቁ ደግሞ ይበልጥ አሳዘናት።

ከዚያ ወንድምየው ተነሳ። ቀኑን ሙሉ እህቱን ቀና ብሎ ያላያት ልጅ፣ ራሱ ላይ እጁን ጭኖ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሳልነግራት ዕቃዋን መግፋት አልነበረብኝም» አለ። እሷም አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፣ ተቃቀፉ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሐጂ አይተዋት፣ የሴት ልብ አይችልም ብለው አጽናኗት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የዕቃ መወልወያ ጨርቅ ነክሼ ቆምኩ።

ውኃ ይዤ ስመለስ አባቴ ብርጭቆውን ሳልሰጠው ከእጄ ወሰደው። ሐጂ ዱዓ አድርገው መረቁ፤ አባቴ እጁን ዘርግቶ አሜን ሲል ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ሊወጡ ሲሉ ሐጂ በሁለት እጃቸው ጨበጡትና፣ «ከእንግዲህ ዓባይን ይተዉት፤ ዛሬ ሳይናገሩ ነው ያስታረቁልን» አሉት።

ሰው ሁሉ ሄዶ ሦስታችን ቀረን። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ጫማውን ተመለከተ። እናቴ ብርጭቆ ትሰበስባለች፣ የሰበሰበችውን መልሳ ታስቀምጣለች።

«ዝንጅብሉ በደንብ ደርቋል» አለ በመጨረሻ።

«ሚጥሚጣው ያንሰዋል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለችው።

እሱ ነው ቀድሞ የሳቀው። እናቴ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች፤ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ሳሉ ተነሳበትና እሷ ተነስታ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

በሳምንቱ መጋረጃው ከሱቁ ወረደ። አሁን በአንዱ ግድግዳ የስልክ ከቨር፣ በሌላው አናናስ አለ፤ ወንድምየው ከቨር የሚገዛውን ሁሉ ሙዝም ግዛ እያለ ያስቸግራል። ወሬው ሠፈሩን አዳረሰ፤ የቲቸር ልብ ቅቤ ነው ተባለ። ከወዲያ ማዶ አንድ ቤተሰብ አስታርቁን ብሎ ሰው ቢልክበት፣ ልቤ አይችልም ብሎ መለሰ።

እኔ እውነቱን እንንገራቸው ወይ ብዬ እናቴን ጠይቄያት ነበር። የታረቀ ሰው ቁስሉ አይነካካም አለችኝ። አባቴን ለብቻው ሳገኘው ደግሞ ማታለል አይሆንብህም ወይ አልኩት። የመጀመሪያው እንባ የዝንጅብሉ እንደሆነ አመነ። «አባታችሁ» ካለ በኋላ ያለው ግን የራሱ ነው አለኝ። ከልጆቹ ሟች አባት ጋር ዳማ ሲጫወቱ፣ ሰውየው ሲሸነፍ ጠጠሩን እያፈሰ የሚስቀው ሳቅ ድንገት ትዝ ብሎት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት አላመነችም፤ ለማንጎም እንዲሁ ሰበብ አያጣም አለች። እኔ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ዘዴ ቀየረች። ከሚሰርቀኝ አብሮኝ ይሥራ ብላ አባቴን ወጥ ቤት አስገባችው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ቲማቲም በሽ በሽ በሆነበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ሁለቱም ሽርጥ አድርገው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትደረድራለች። የቆረጥከው ወፍራም ነው፣ አይደርቅም ትለዋለች። ስስ ከሆነ ትሪው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ይህ ቀላል ሳይንስ ነው ይላታል። እኔን ዳኛ አድርገው አንድ አንድ ቁራጭ ወደ ብርሃን አንስተው ሲያሳዩኝ መብራት ጠፋ። ማሽኑ አቃስቶ ቆመ። አባቴ ቢላዋውን አስቀምጦ፣ ቆየት ብሎ የሚመጣ ከሆነ ይህቺን ቲማቲም በጨው እንብላት አለ። እናቴም ሐኪሙ ስለ ጨው ምን እንዳለ ልትነግረው አፏን ከፍታ፣ ተወችውና ጨውዋን አቀበለችው።