«ትንሽ አሟታል» የተባልን ጊዜ

ባለፈው እሁድ እድራችን፣ ሰው መሞቱን ሳያጣራ የለቅሶ ገንዘብ የወሰደ አንድ ጎረምሳ ለመቅጣት ተሰብስቦ ነበር። «ተሳስቼ ነው» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እኔ ዛሬ ከኮሚቴው ወገን ነኝ፤ ያንን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ቂርቆስ እንኖር ነበር። አባቴ ካዛንቺስ ልብስ ይሰፋል። አንድ የክረምት ጠዋት ከአገር ቤት ተደወለለትና «እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ና» ተባለ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ትንሽ አሟታል የተባለለት ሰው ብዙውን ጊዜ ተቀብሮ አድሯል። አባቴ ስልኩን ሳይዘጋ ጮኸ። እድርተኛው ደረሰ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ እናት ለሞተችበት የሚከፈለው ገንዘብም ተሰጠው። ዓይኑ አብጦ አገሩ ሲገባ አያቴ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ቆጮዋን በጎመን ትበላለች። ለካ ጉንፋን ይዟት ኖሯል!

ገንዘቡን ይዞ በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ተመለሰ። አላዳነውም። በደንቡ ያልሞተውን ሞተ ያለ ይሰረዛል። እናቴ ደግሞ ልቧን ታማ አልጋ ላይ ነበረች። ከተሰረዝን እሷን ማን ይቀብራታል? ማናችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

የአባቴ ጉዳይ በታየበት ቀን እድሩ ከሚሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ጭቃው ላይ ቆሜ አዳመጥኩ።

«አታለሉ አላልንም» አሉ ዳኛው ጋሽ ታደሰ። «ግን አቶ ወልዴ፣ ሳያጣሩ እንዴት ሰው ያስለቅሳሉ?»

«ጋሼ፣ እርስዎስ ትንሽ አሟታል ቢባሉ ምን ይገባዎታል?»

ከተሰብሳቢው ስንቱ እንዲያ ተብሎ እናቱን ቀብሯል። በመጨረሻ አልሰረዙትም፤ ለግድየለሽነቱ መቀጫ ጣሉበት። «ሁለተኛ ከተሳሳቱ ግን እንሰናበታለን» አሉት።

እናቴ በጥቅምት አረፈች። ጎረቤቶች ሊያለቅሱ ሲሉ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ከለከላቸው። ጥሩምባ ነፊውንም እንዳትጠሩ አለ።

«ደግማችሁ እዩልኝ» አላቸው። «እኔ እሳሳታለሁ።»

ገላዋ ቀዝቅዞ እንኳ አፏ ላይ መስታወት እያስያዘ ትንፋሿን ያስፈትሽ ነበር። ለገዛ ሚስቱ ሊያለቅስ ፈራ።

ባለፈው እሁድ «ይቀጣ የምትሉ እጅ አንሱ» ተባለ። የእድር ገንዘብ የድሃ ገንዘብ ነው፤ ሊጠነቀቁለት ይገባል፤ ይህን አምናለሁ። ልጁም የወሰደውን መልሷል። ፊቱን አየሁትና እጄን ማንሳት አቃተኝ።